በፕሮቲን ውስጥ ማን ማንን ይነካል? የአሚኖ አሲዶችን ንክኪ በኤክሴል መተንተን

ፕሮቲን ረጅም የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሲተጣጠፍ በተራ ቁጥር የተራራቁት ጎን ለጎን ይመጣሉ። 3ኛው ከ40ኛው ጋር ጎረቤት ይሆናል። የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚይዘው ይሄ ጉርብትና ነው። ሚውቴሽን አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ ሲተካም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማንን ይነካ ነበር?» የሚል ነው።

ይህን የሚመልሱ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ዝርዝር ታወጣላችሁ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ፕሮግራም 90 ንክኪ አለ ሲል ሌላው 200 ሊል ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። «ንክኪ» ብለው የቆጠሩት ነገር ነው የተለያየው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሥራውን በእጅ መሥራት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መቻል የግድ አይደለም። ኤክሴልና አንድ ትንሽ ፕሮቲን ይበቃሉ።

ፕሮቲኑን መምረጥ

ክራምቢንን እንውሰድ። ክራምቤ አቢሲኒካ ከሚባል፣ ከእነ ጎመን ዘር ቤተሰብ ከሆነ ተክል ፍሬ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። አዎ፣ አቢሲኒካ የተባለው በእኛው አገር ነው። 46 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው። መዋቅሩን ሄንድሪክሰንና ቲተር በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የፈቱትም በፕሮቲኑ ውስጥ ባሉት ስድስት የሰልፈር አቶሞች የኤክስሬይ ብተና ተጠቅመው ነው። እነዚህን ስድስት ሰልፈሮች ያዙልኝ፤ በኋላ ሥራችንን የምናረጋግጥባቸው እነሱ ናቸው።

የተፈቱ የፕሮቲን መዋቅሮች ወደሚቀመጡበት ወደ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ድረ ገጽ ግቡና 1ሲአርኤን የሚለውን መለያ ፈልጉ። ፋይሉን በፒዲቢ ፎርማት አውርዱ። ሲአይኤፍ የሚባል አዲስ ፎርማትም ታገኛላችሁ። ለትልልቅ መዋቅሮች የግድ እሱ ነው፤ ለዛሬው ሥራ ግን አሮጌው ፒዲቢ ይቀላል። በኖትፓድ ይከፈታል፣ በዓይን ይነበባል።

ፋይሉን ማንበብ

ስትከፍቱት ከላይ ብዙ መግለጫ አለ። አትዝለሉት። የምስሉ ጥራት 1.5 አንግስትሮም መሆኑ እዚያ ተጽፏል። የትኛው ክፍል ሂሊክስ (እንደ ጥምዝ ሽቦ የተጠቀለለ)፣ የትኛው ቤታ ሺት (ጎን ለጎን የተዘረጉ ክሮች) እንደሆነና ሲስቴይን ከሚባሉት፣ ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች የትኞቹ በዳይሰልፋይድ (ሰልፈር ከሰልፈር በሚያያዝበት ቦንድ) እንደተያያዙም እዚያው አለ። አንግስትሮም የሜትር አንድ አሥር ቢሊዮንኛ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ርቀት ሁሉ በእሱ ነው የሚለካው።

ከመግለጫው ታች «አቶም» በሚል ቃል የሚጀምሩ መስመሮች ይመጣሉ። በዚህ ፋይል 327 ናቸው። አንዱ መስመር አንድ አቶም ነው። ሃይድሮጅን የለም፤ በዚህ ጥራት ኤክስሬይ ሃይድሮጅንን ስለማያሳይ አብዛኞቹ ፋይሎች አይጨምሩትም።

መስመሩ በክፍተት ሳይሆን በፊደል ቦታ የተከፋፈለ ነው። ከ13 እስከ 16 ያለው ቦታ የአቶሙ ስም ነው። 17ኛው ቦታ ተለዋጭ አቀማመጥ ካለ የሚጻፍበት ነው። ከ18 እስከ 20 የአሚኖ አሲዱ ስም በሦስት ፊደል፣ 22 ሰንሰለቱ፣ ከ23 እስከ 26 ተራ ቁጥሩ ነው። ከዚያ የአቶሙ ቦታ በሦስት ቁጥር ይመጣል፦ ከ31 እስከ 38 ኤክስ፣ ከ39 እስከ 46 ዋይ፣ ከ47 እስከ 54 ዜድ። ከ55 እስከ 60 ኦኩፓንሲ የሚባለው (አቶሙ በዚያ ቦታ የሚገኝበት ድርሻ)፣ ከ61 እስከ 66 ደግሞ ቢ-ፋክተር (የአቶሙ ቦታ ምን ያህል እንደሚዋልል የሚናገር ቁጥር)።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሸወዳል። መስመሩን በክፍተት ይቆርጠዋል። ክራምቢን ላይ ምንም ችግር አይታይም። ከዚያ ትልቅ ፕሮቲን ሲመጣ ተራ ቁጥሩ 1000 ይደርስና ከሰንሰለቱ ፊደል ጋር ይጣበቃል። ወይም ኔጌቲቭ የሆነ ረጅም ቁጥር ከጎኑ ካለው ጋር ይገጥማል። ዓምዶቹ በሙሉ አንድ ቦታ ይንሸራተቱና ዋይ የነበረው ኤክስ ይሆናል። ኤክሴል ደግሞ ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ያሰላል።

ወደ ኤክሴል ማስገባት

የ«አቶም» መስመሮቹን ብቻ ቀድታችሁ አዲስ ሺት ላይ ለጥፉ። ሁሉም በአንድ ዓምድ ይቀመጣሉ። ዳታ በሚለው ሜኑ ሥር ቴክስት ቱ ኮለምንስ የሚል አለ። ፊክስድ ዊድዝ የሚለውን ምረጡና መቁረጫ መስመሮቹን ከላይ በነገርኳችሁ ቦታ አስቀምጡ፦ ከ6፣ ከ11፣ ከ16፣ ከ17፣ ከ20፣ ከ22፣ ከ26፣ ከ30፣ ከ38፣ ከ46፣ ከ54፣ ከ60 እና ከ66 ቀጥሎ። ኤክሴል በራሱ ግምት ያስቀመጣቸው መስመሮች ካሉ ሰርዟቸው።

ሲያልቅ የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ እዩ። ትሬዮኒን ነው። ሲ-አልፋ የሚባለው አቶሙ (እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ያለው መሃለኛ ካርቦን)፣ በፋይሉ ሲኤ ተብሎ የተጻፈው፣ 16.967 እና 12.784 እና 4.338 ላይ ነው። ሁለተኛውም ትሬዮኒን ነው። የእሱ ሲ-አልፋ 13.856 እና 11.469 እና 6.066 ላይ ይገኛል። እነዚህ ቁጥሮች በየዓምዳቸው ካሉ አቆራረጣችሁ ልክ ነው።

አሁን የሁለቱን ርቀት በካልኩሌተር እንሥራው። የኤክስ ልዩነት 3.111፣ የዋይ 1.315፣ የዜድ 1.728 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዙት፦ 9.678፣ 1.729፣ 2.986። ድምሩ 14.393። ስኩዌር ሩቱ 3.79 ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። በሰንሰለት የሚከታተሉ ሁለት ሲ-አልፋዎች ሁልጊዜ ወደ 3.8 ገደማ ይራራቃሉ፤ አሚኖ አሲዶቹን የሚያያይዘው የፔፕታይድ ቦንድ ስለማይለጠጥ ነው። ከዚህ የወጣ ካያችሁ ምክንያት አለው። 3 አካባቢ ከሆነ ሲስ የሚባለው የቦንድ ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሊን በፊት ይከሰታል። በጣም ከበለጠ ደግሞ መሃል ላይ የጠፋ አሚኖ አሲድ አለ።

ሰንጠረዡን መሥራት

የአቶም ስም ዓምዱን ፊልተር አድርጋችሁ ሲኤ የሚለውን ብቻ አስቀሩ። 46 ረድፍ ማግኘት አለባችሁ። 45 ወይም 47 ካገኛችሁ አትቀጥሉ፤ ችግሩን ፈልጉ። ሌላ ፋይል ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ፦ ካልሲየምም ሲኤ ተብሎ ነው የሚጻፈው። በፋይሉ ውስጥ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ቦታ ነው። ካልሲየሙ 13ኛው ቦታ ላይ ይጀምራል፣ ሲ-አልፋው 14ኛው ላይ። ክፍተቱን አንዴ ካጠፋችሁት ልዩነቱም ይጠፋል። በአሚኖ አሲዱ ስም ለዩት።

46ቱን ረድፎች ወደ አዲስ ሺት ውሰዱ። ዓምድ ኤ ተራ ቁጥር፣ ዓምድ ቢ፣ ሲ እና ዲ ደግሞ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ይሁኑ። ዝርዝሩ ከ5ኛው ረድፍ ይጀምር። ከዚያ ያንኑ ዳታ ፔስት ስፔሻል ውስጥ ባለው ትራንስፖዝ አጋድማችሁ ከዓምድ ኢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ለጥፉ፦ 1ኛው ረድፍ ኤክስ፣ 2ኛው ዋይ፣ 3ኛው ዜድ፣ 4ኛው ተራ ቁጥር።

ፎርሙላው ዓምድ ኢ ረድፍ 5 ላይ ይጻፋል። የኤክስ ልዩነት በራሱ ሲባዛ፣ ሲደመር የዋይ፣ ሲደመር የዜድ፣ ከዚያ በኤስኪውአርቲ ስኩዌር ሩቱ። ዋናው ነገር የዶላር ምልክቱ ነው። ከግራ የሚመጡት ላይ ዶላሩ ከዓምዱ ፊደል በፊት ይግባ፤ ከላይ የሚመጡት ላይ ከረድፉ ቁጥር በፊት። ይህን አስተካክላችሁ ፎርሙላውን ወደ ቀኝና ወደ ታች ጎትቱት። 46 በ46 ሰንጠረዥ ይሞላል።

ሦስት ነገር ወዲያው ይታያል። በሰያፍ መሃል የሚያልፈው መስመር ዜሮ ነው፤ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ስለሆነ። ከዜሮው አጠገብ ያለው መስመር 3.8፣ 3.8፣ 3.8 እያለ ይወርዳል። ከሰያፉ በላይና በታች ያለው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ስትቆጥሩ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። ጥንዶቹ በጠቅላላው 1035 ናቸው።

ድንበሩን መወሰን

ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል ሲቀራረቡ ነው «ተነካኩ» የምንለው?

በሲ-አልፋ ከለካችሁ የተለመደው ድንበር 8 አንግስትሮም ነው፤ 7 የሚሉም አሉ። ሲ-አልፋ የአከርካሪው፣ ማለትም የሰንሰለቱ ዋና መስመር፣ አቶም ነው። ከአከርካሪው ወደ ጎን የሚወጣውና አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ የሚለያቸው ክፍል የጎን ሰንሰለት ይባላል። ሁለት አከርካሪዎች 8 ላይ ከሆኑ መሃላቸው ለሁለት የጎን ሰንሰለት የሚበቃ ቦታ አለ ማለት ነው። ግን ቦታ መኖሩ መነካካት አይደለም። የአንዱ ጎን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ዞሮ ሊሆን ይችላል።

ሲ-ቤታ በዚህ ይሻላል። የጎን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ አቶም ስለሆነ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። የፕሮቲን መዋቅር ትንበያ ውድድር የሆነው ካስፕም ንክኪን የሚቆጥረው በሲ-ቤታ ከ8 አንግስትሮም በታች ብሎ ነው። ግላይሲን ሲ-ቤታ የለውም። ለእሱ ሲ-አልፋውን ተጠቀሙ። ክራምቢን ውስጥ ግላይሲኖቹ አራት ናቸው፦ 20፣ 31፣ 37 እና 42። ሲ-ቤታን ብቻ ፊልተር ያደረገ ሰው 42 ረድፍ ነው የሚያገኘው። ከዚያ ተራ ቁጥሩን ሳያይ ረድፍ ቢቆጥር ከ20ኛው በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባበታል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ አሚኖ አሲዶች በጣም የሚቀራረቡትን ሁለት አቶሞች መለካት ነው። ድንበሩ ብዙ ጊዜ 4.5 ነው፤ 4 ወይም 5 የሚጠቀሙም አሉ። ለእውነተኛው መነካካት በጣም የሚቀርበው ይሄ ነው። የካርቦን ራዲየስ 1.7 ያህል ስለሆነ ሁለት ካርቦኖች በ3.4 ይነካካሉ፤ ቀሪው ለስህተትና ለእንቅስቃሴ የተተወ ቦታ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስለ አጠቃላይ ቅርጽ ከሆነ ሥራችሁ ሲ-ቤታ በ8 ይበቃል። ስለ አንድ ሚውቴሽን ወይም ስለ መድኃኒት መግቢያ ቦታ ከሆነ ግን ወደ አቶም መውረድ ግዴታ ነው።

የተራ ቁጥር ርቀቱንም ወስኑ። ጎን ለጎን ያሉት ሁልጊዜ 3.8 ላይ ስለሆኑ እነሱን እንደ ንክኪ መቁጠር ቁጥር ከመንፋት አያልፍም። በሂሊክስ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አራት ቦታ ቀድሞት ካለው ጋር በ6 አንግስትሮም ገደማ ይቀመጣል። ፕሮቲኑ እንዴት እንደተጣጠፈ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ቢያንስ 6 ቦታ የሚራራቁትን ብቻ ያዙ። 1035 የነበረው ጥንድ 820 ይሆናል። ካስፕ ረጅም ርቀት የሚላቸው 24 ቦታና ከዚያ በላይ የሚራራቁትን ነው። እሱን ከወሰዳችሁ 253 ይቀራል።

ሰልፈሮቹ ይመስክሩ

ውጤቱን ከማንበባችሁ በፊት ስሌቱ ልክ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው።

ወደ መጀመሪያው ሺት ተመለሱና ኤስጂ የሚባሉትን አቶሞች ፊልተር አድርጉ። የሲስቴይን ሰልፈሮች ናቸው፤ ስድስት ታገኛላችሁ። ቁጥራቸው 3፣ 4፣ 16፣ 26፣ 32 እና 40 ነው። በመካከላቸው 15 ጥንድ አለ። ርቀቱን ሥሩ። ከ15ቱ ሦስቱ ብቻ 2 አንግስትሮም አካባቢ መሆን አለባቸው፦ 3 ከ40፣ 4 ከ32፣ 16 ከ26። ሁለት ሰልፈሮች በዳይሰልፋይድ ሲያያዙ ርቀታቸው 2.05 ያህል ነው። የቀሩት 12 ጥንዶች ከዚያ ይርቃሉ። ይህን ካገኛችሁ ዓምዱም ፎርሙላውም ልክ ነው። ካላገኛችሁ የኋላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከዚያ እነዚሁን ሦስት ጥንዶች የሲ-አልፋው ሰንጠረዥ ላይ ፈልጉ። ሦስቱም ከ8 በታች ናቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 3 ከ40 እና 4 ከ32 ረጅም ርቀት ከሚባለው ይገባሉ። 16 ከ26 ግን 10 ቦታ ብቻ ነው የሚራራቀው። 24 የሚለውን ድንበር ብትወስዱ ይህ ጠንካራ ቦንድ ከዝርዝራችሁ ይወጣል። ድንበር ምን እንደሚያስቀር ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ካርታውን ማንበብ

ሰንጠረዡን በሙሉ ምረጡና ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ ከ8 በታች የሆኑትን ቀለም ቀቡ። ዓምዶቹን አጥብቡ። የንክኪ ካርታ ወጣላችሁ።

በሰያፉ ላይ ወፈር ያለ ቦታ ሂሊክስ ነው። ክራምቢን ሁለት ሂሊክስ አለው፤ ከ7 እስከ 19 እና ከ23 እስከ 30። እዚያ ቦታ ላይ መስመሩ ይወፍራል፤ ከሦስትና ከአራት ቦታ በኋላ ያሉት ሁሉ ከ8 በታች ስለሚገቡ ነው።

አሁን ከሰያፉ ራቅ ያለውን ተመልከቱ። ከ1 እስከ 4 ያሉት ከ32 እስከ 35 ካሉት ጋር ትንሽ መስመር ይሠራሉ። ይህች የቤታ ሺቷ ናት። መስመሯ ዋናውን ሰያፍ በቀጥታ የሚያቋርጥ አቅጣጫ አላት። 4 ከ32፣ 3 ከ33፣ 2 ከ34። ጥንዶቹን ደምሯቸው፤ ሁልጊዜ ወደ 36 ይመጣል። ድምሩ የማይለወጥ ከሆነ ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳላ! ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ የማይለወጠው ልዩነታቸው ነበር፤ መስመሩም ከሰያፉ ጎን ለጎን ይሮጥ ነበር።

ሁለቱ ሂሊክሶችም እንዲሁ በተቃራኒ ነው የቆሙት። የ16 እና የ26 ዳይሰልፋይድ ድምሩ 42 ነው። በዚያ አካባቢ ነጠብጣቦችን ታያላችሁ። የሂሊክስ ንክኪ ግን እንደ ቤታ ሺት የተያያዘ መስመር አይሠራም። ሂሊክሱ ስለሚዞር የሚነኩት በየሦስትና በየአራት ቦታ የሚመጡት ብቻ ናቸው።

ወደ አቶም መውረድ

327 አቶም 53,301 ጥንድ ይሠራል። ኤክሴል ይችለዋል፤ ዓይን ግን አይችለውም። ስለዚህ አንድ አሚኖ አሲድ ምረጡና እሱን ብቻ ተከታተሉ። 10ኛውን አርጂኒን እንያዝ።

አርጂኒን ከሃይድሮጅን ሌላ 11 አቶም አለው። 327ቱን አቶሞች ወደ ታች ደርድሩ፣ 11ዱን ወደ ጎን አጋድሙ፣ ያንኑ ፎርሙላ ጎትቱ። መጨረሻ ላይ በየረድፉ ከ11ዱ ትንሹን በሚን ፎርሙላ አውጡ። ከዚያ ፒቮት ቴብል ሥሩ፤ በተራ ቁጥር ተከፋፍሎ የየአሚኖ አሲዱን ትንሹን ርቀት ይስጣችሁ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩት። 9ኛውንና 11ኛውን እርሷቸው፤ በቦንድ የተያያዙ ናቸው።

ከቀሩት መሃል ዓይን የሚስበው 46ኛው ነው። አስፓራጂን ነው፣ የሰንሰለቱ መጨረሻ። አስፓራጂን ቻርጅ የለውም። ታዲያ ከአርጂኒን ጋር ምን ያቀራርበዋል? የፋይሉን የመጨረሻ መስመር፣ 327ኛውን አቶም እዩ። ኦኤክስቲ ይባላል። የሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ተጨማሪ ኦክስጅን ነው። ሰንሰለቱ የሚያልቅበት ቦታ ካርቦክሲሌት ስለሆነ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። የአርጂኒኑ ጎን ፖዘቲቭ ነው። ሳልት ብሪጅ ሠርተዋል። የአሚኖ አሲዶቹን ስም ብቻ የሚያይ ዝርዝር «አርጂኒንና አስፓራጂን» ብሎ ያልፈዋል። አቶሙን ያየ ሰው ነው ነገሩ የሚገባው።

ንክኪውን በዓይነት መለየት

ርቀት ብቻውን የግንኙነቱን ዓይነት አይናገርም። አቶሞቹ እነማን እንደሆኑ ማየት አለባችሁ።

ናይትሮጅንና ኦክስጅን በ3.5 ውስጥ ካሉ ሃይድሮጅን ቦንድ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት አንግሉም ስለሚወስን ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ሃይድሮጅን ስለሌለ ደግሞ አንግሉን በቀጥታ አናየውም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው የጎን ሰንሰለቶች ናይትሮጅንና ኦክስጅናቸው በ4 ውስጥ ከሆነ ሳልት ብሪጅ ይባላል። ካርቦንና ካርቦን በ4.5 ውስጥ ሆነው ሁለቱም ውኃ የሚሸሹ እንደ ቫሊን፣ አይሶሉሲን፣ ፌኒልአላኒን ያሉ ከሆኑ ሃይድሮፎቢክ ንክኪ ነው። ሁለት ቀለበት ያላቸው ሲገናኙ የሚለካው ከቀለበቱ መሃል እስከ ቀለበቱ መሃል ነው። እስከ 7 አንግስትሮም ድረስ ይቆጠራል።

በጣም መቀራረብም ደስ አይበላችሁ። በቦንድ ያልተያያዙ ሁለት ካርቦኖች 2.8 ላይ ካገኛችሁ ያ ጠንካራ ንክኪ ሳይሆን ግጭት ነው። የራዲየሶቻቸው ድምር 3.4 ነበር። ከድምሩ ከ0.4 በላይ የገባ ሁሉ የሞዴሉ ስህተት ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሌላ ፋይል ላይ የሚያጋጥማችሁ

ክራምቢን ጨዋ ፋይል ነው። ሌሎቹ እንዲህ አይደሉም።

17ኛው ቦታ ላይ ኤ እና ቢ ካያችሁ አንዱ አቶም ሁለት ቦታ ተመዝግቧል ማለት ነው። ኦኩፓንሲው ትልቅ የሆነውን ያዙ፣ ሌላውን አጥፉ። ሁለቱንም ከተዋችሁ አንድ አሚኖ አሲድ ከራሱ ቅጂ ጋር ይነካካባችኋል። ኤንኤምአር በሚባለው፣ ከኤክስሬይ ሌላ በሆነው ዘዴ የተፈታ ከሆነ ብዙ ሞዴል በአንድ ፋይል ተደራርቦ ይመጣል። አንዱን ብቻ ውሰዱ፤ ወይም በሁሉም ላይ ሠርታችሁ ንክኪው በስንቱ እንደታየ ጻፉ። ቢ-ፋክተሩ ከሌሎቹ በጣም የበለጠ አቶም ቦታው በደንብ አይታወቅም። የእሱን ንክኪ በጥርጣሬ እዩ።

ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ ፋይሉ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ሙሉው ሞለኪውል አይደለም፤ ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር ያለው ንክኪም ከሰንጠረዣችሁ ሊቀር ይችላል። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም በሽታ አስቡ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 6ኛው ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። ያ ቫሊን በራሱ ሄሞግሎቢን ውስጥ ገብቶ ብዙ አያበላሽም። የሚለጠፈው በሌላ ሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ላይ፣ 85ኛው ፌኒልአላኒንና 88ኛው ሉሲን በሚሠሩት ኪስ ውስጥ ነው። ሄሞግሎቢኖቹ ተያይዘው ረጅም ዘንግ የሚሠሩት በዚህ ነው። አንድ ሄሞግሎቢን ብቻ ከፍቶ የ6ኛውን ንክኪ የቆጠረ ሰው ዋናውን ነገር አያየውም። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር ባዮሎጂካል አሴምብሊ የሚለውን፣ ማለትም ሙሉውን ሞለኪውል የያዘውን ፋይል፣ አውርዱ፤ በክሪስታሉ ውስጥ የሚነካኩትን ጎረቤቶችም ኪሜራኤክስ ወይም ፓይሞል በሚባሉ የመዋቅር ማያ ሶፍትዌሮች ማምጣት ይቻላል። በተገላቢጦሽ ደግሞ፣ በክሪስታል ውስጥ የተነካካ ሁሉ በሰውነት ውስጥ ይነካካል ማለት አይደለም።

መዋቅሩ በሙከራ ያልተፈታ፣ አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የተነበየው ሞዴል ከሆነ በቢ-ፋክተሩ ቦታ የተጻፈው ሌላ ነገር ነው። ፒኤልዲዲቲ የሚባል፣ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የመተማመኛ ነጥብ ነው። እዚህ ትልቅ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ከቢ-ፋክተር ተቃራኒ። ከ70 በታች ባለው ቦታ ላይ የምታገኙትን ንክኪ አትቁጠሩ። ሁለቱም አሚኖ አሲዶች ከፍ ያለ ነጥብ ቢኖራቸውም የሚገኙት በተለያየ ዶሜይን (ለብቻው በሚተጣጠፍ የፕሮቲን ክፍል) ከሆነ ፒኤኢ የሚባለውን፣ የሁለት ቦታዎች አንጻራዊ አቀማመጥ ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገረውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ሁለት መዋቅር ማወዳደር

ሚውቴሽን ያለውንና የሌለውን ስታወዳድሩ ንክኪ «ጠፋ» ለማለት አትቸኩሉ። በአንዱ 7.9 የነበረ በሌላው 8.1 ቢሆን ካርታው ላይ ነጥቡ ይጠፋል። የተለወጠው ግን 0.2 ብቻ ነው፤ ያን ያህል ልዩነት በመዋቅሩ ስህተት ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው አንዱን የርቀት ሰንጠረዥ ከሌላው መቀነስ ነው። ከ1 አንግስትሮም በላይ የተለወጠውን ቀለም ቀቡ። ድንበሩንም 7፣ 8 እና 9 ላይ ሞክሩት። በሦስቱም የሚቆም ግኝት ይጻፋል። በ8 ብቻ የሚታይ ከሆነ የሚናገረው ስለ ድንበራችሁ ነው።

ሪፖርት ላይ እነዚህ አይቅሩ፦ የፋይሉ መለያ፣ ሰንሰለቱ፣ የተለካው አቶም፣ ድንበሩ፣ የተዘለለው የተራ ቁጥር ርቀት፣ ተለዋጭ አቀማመጥ ካለ ምን እንዳደረጋችሁበት። አንድ አንቀጽ ነው። እሱ ከሌለ ግን «47 ንክኪ አገኘን» የሚለውን ማንም መድገም አይችልም።

ቀጥሎ ምን ልሥራ?

ዩቢኪቲንን ውሰዱ፤ መለያው 1ዩቢኪው ነው። 76 አሚኖ አሲድ አለው። በፋይሉ ውስጥ የውኃ ሞለኪውሎችም ስላሉ «ሄትአቶም» በሚል የሚጀምሩትን መስመሮች ማውጣት ትለማመዳላችሁ። ሲስቴይን የለውም። ስለዚህ የሰልፈሩ ማረጋገጫ አይሠራም፤ በ3.8ቱ መስመር ብቻ ነው የምትተማመኑት። የጎን ሰንሰለቶቹን ለመፈተን ደግሞ 27ኛውን ላይሲንና 52ኛውን አስፓርቲክ አሲድ ለኩ፤ ሳልት ብሪጅ ይሠራሉ። ካርታውን ስትቀቡ ከ1 እስከ 7 ያሉት ከ64 እስከ 72 ካሉት ጋር የሚሠሩትን መስመር ፈልጉ። እነዚህ ክሮች በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ክራምቢን ላይ ያላያችሁት፣ ከሰያፉ ጎን ለጎን የሚሮጠው መስመር ይህ ነው። እዚህ ሲደርስ ቁጥሮቹን አትደምሯቸው፣ ቀንሷቸው።